ዕቃችሁን ከተራራው በፊት ፈትኑት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእግርና የቀዘፋ ጉዞ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ወደዚህ ዓምድ የሚመጡ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ አብዛኞቹ ጠያቂዎች እጃቸው ላይ ያለው ዕቃ ያስኬዳቸው እንደሆነ ማወቅ የፈለጉ ናቸው። ደስ ብሎን መልሰናል፤ ምክንያቱም ተራራ ላይም ሆነ ሐይቅ ላይ ሰው የሚቸገረው ባልገዛው ዕቃ ሳይሆን ባልፈተነው ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ የተራራ ጫማ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ቢደረግ ነው፤ ቆዳው አዲስ ይመስላል። ጥቅምት ላይ ወደ ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። አንድ ጓደኛዬ «መንገድ ላይ ሶሉ ይወልቅብሃል» ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። እንዲያውም ሳጥን ውስጥ የኖረ ጫማ በየሳምንቱ ከሚደረገው የበለጠ ያሰጋል። መሬት በሚረግጠው ጥቁር ጎማና በቆዳው መካከል ያለው ለስላሳ ሶል በብዙ የተራራ ጫማዎች ላይ ከፖሊዩሪቴን የሚሠራ ነው። ፖሊዩሪቴንን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ይበላዋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ሙሉ ሶሉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይነሳል። ጫማው ከተመረተ አምስት ዓመት ካለፈው ቆዳው ምንም ያህል ቢያምር ተጠርጣሪ ነው። የተመረተበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ምላሱ ውስጥ በተሰፋው ትንሽ ጨርቅ ላይ ይጻፋል።

ፍተሻው ቀላል ነው። መካከለኛውን ሶል ከጎን በኩል በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ይበሉት። ጤነኛ ከሆነ ይገባና ይመለሳል። ጉድጓዱ እንደተቀረጸ ከቀረ፣ ዱቄት ነገር ከረገፈ፣ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ አልቆለታል። ቀጥሎ ጫማውን አፍንጫው ላይ በደንብ አጥፈው በጎማውና በቆዳው መጋጠሚያ ዙሪያ ክፍተት ይፈልጉ፤ መላቀቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫውና ከተረከዙ ነው። ሁለቱንም ካለፈ፣ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ጀርባዎ ላይ 8 ወይም 10 ኪሎ ጭነው እንጦጦ ላይ ሦስት ሰዓት ይሂዱበት። በሌላ ቀን ደግመው ይሂዱ። ያረጀ ሶል የመጀመሪያውን ቀን ችሎ በሁለተኛው ቀን ሊፈርስ ይችላል።

ከሰልባጅ የተራራ ጫማ ለምትገዙም ይኸው ፍተሻ ያገለግላል። ሻጩ ፊት ለፊት ጥፍራችሁን ጫን አድርጉበት፤ አያሳፍርም።

ሶሉ ቢላቀቅ ይጠገናል ወይ? እንደተላቀቀው ነገር ነው። መካከለኛው ሶል ጤነኛ ሆኖ የታችኛው ጎማ ብቻ ከለቀቀ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይመልሰዋል። የድሮው ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይወጣል፤ አዲሱ በሁለቱም ገጽ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኃይል ተጭኖ አንድ ሙሉ ቀን ታስሮ ያድራል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው መጠበቁ ላይ ነው፤ እርጥብ ማስቲሽ ገጥመው ሲያስሩት ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። ዙሪያውን በክር እንዲሰፋ ካደረጉ ወስፌው በሶሉ ጠርዝ ብቻ ይለፍ። ቆዳውን አልፎ ውስጥ ያለውን ውሃ የማያስገባ ሽፋን ከበሳ ጫማው ከዚያ በኋላ ጠል እንኳ አይችልም። የፈረሰው ራሱ መካከለኛው ሶል ከሆነ ግን ማስቲሹ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ገንዘብዎን አያውጡ።

መንገድ ላይ ለሚያጋጥም አደጋ ሁለት ሜትር ቀጭን ሽቦና ጠንካራ ሲባጎ ይያዙ። ሰው ቶሎ የሚያስበው በፕላስተር መጠቅለልን ነው፤ የሰሜን ድንጋይ ግን ፕላስተርን በጥቂት ሰዓት ይበላዋል። ሽቦውን በሶሉ ጥርሶች መካከል አሳልፈው አንዱን በአፍንጫው ጀርባ፣ ሌላውን በእግር መሐል ባለው ጎድጓዳ በኩል ይሰሩ። መሐሉ መሬት ስለማይነካ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

አንድ ነገር እንጨምር። ጫማው ጤነኛ ሆኖ ጥፍር የሚያስነቅለው ቁልቁለቱ ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ከጨነቅ ካምፕ ተነስተው የቧሂትን ተራራ በር አልፈው ወደ መሸሃ ወንዝ ሲወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳሉ። በወፍራም ካልሲ ቆመው ከጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ከሌለ ያ ጫማ ለእርስዎ ጠባብ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተረከዝዎን ወደ ኋላ መትተው ያስገቡና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ብቻ ጠበቅ አድርገው እንደገና ይሰሩ። ጥፍርዎን ከሁለት ቀን በፊት ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት ስሊፒንግ ባግ «−5» ይላል። ጨነቅ ላይ ግን ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ አደርኩ፤ ውጭው ደግሞ ያን ያህል አልነበረም፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ስስ ውርጭ ነው ያየሁት። ቁጥሩ ውሸት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን አልተነገረዎትም። በዓለም አቀፉ ደረጃ የተለካ ስሊፒንግ ባግ ሦስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ምቹ የሚባለው ነው፤ ብርድ የሚሰማት ሴት ተዝናንታ የምትተኛበት ማለት ነው። ሁለተኛው ወሰኑ ነው፤ አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሳይንቀጠቀጥ ሊያድርበት የሚችለው። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ እሱ ሰው ሳይሞት የሚያድርበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ሻጭና አከራይ ጎልቶ የሚታየውን፣ ማለትም ትልቁን የቅዝቃዜ ቁጥር ይናገራሉ። የመጨረሻው −5 የሆነ ባግ ምቹነቱ +10 አካባቢ ነው። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ምቹ የሚለው ቁጥር ራሱ −5 የሆነውን ይፈልጉ።

እኛ ግን በእርስዎ ጉዳይ ከባጉ ይበልጥ ፍራሹን እንጠረጥራለን። ከጎንዎ በታች ያለው የባጉ ክፍል በክብደትዎ ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይይዝም፤ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚለየዎት ፍራሹ ብቻ ነው። የፍራሽ ሙቀት የመያዝ አቅም «አር» በሚባል ቁጥር ይለካል። ለላንጋኖ ዳርቻ 1 ወይም 2 ይበቃል፤ ለግጭና ለጨነቅ ካምፖች 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ነገር ቁጥሮቹ ይደመራሉ። አር 2 የሆነ ስፖንጅ ከታች፣ አር 2.5 የሆነ የሚነፋ ፍራሽ ከላይ ቢያደርጉ 4.5 አገኙ። ስፖንጁን ከታች ማድረግ የሚነፋውን ከእሾህም ያድነዋል። የሚነፋው ፍራሽ ሌሊት ለስልሶ ቢያገኙት ተበሳ ብለው አይደንግጡ። ከሰዓት በሞቀ አየር የነፉት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይጨምሩበት። ከሥርዎ ለማንጠፍ ብላችሁ ጓሳ እንዳታጭዱ፤ የግጭ ጓሳ የፓርኩ ነው፣ የአይጦቹ መኖሪያም የቀይ ቀበሮው ማዕድም እሱ ውስጥ ነው።

ኪራይ ስትቀበሉ ባጉን ከከረጢቱ አውጡና አራግፉት፤ 20 ደቂቃ ጠብቁት። ጤነኛ ላባ ተነፍቶ ይነሳል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንስታችሁ በውስጡ እዩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካለ ላባው ሸሽቷል፣ ሌሊት ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ዚፑን ከታች እስከ ላይ ሦስት ጊዜ ዝጉና ክፈቱ። ጋቢ ካላችሁ ከባጉ ላይ ደርቡት። ጠባብ ባግ ውስጥ ጋቢ ለብሶ መግባት ላባውን ከውስጥ ስለሚጨፈልቀው ይባስ ያበርዳል። ፊታችሁን ባጉ ውስጥ ቀብራችሁ አትተንፍሱ፤ እርጥበቱ ሁለተኛውን ሌሊት ያከፋዋል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ለሦስት ሳምንት እመጣለሁ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን፣ በዚያው ቀን በመኪና ሳንቃበር ገብቼ በአራተኛው ቀን ራስ ደጀን ጫፍ ላይ መሆን እፈልጋለሁ። ስፖርት እሠራለሁ። ይቻላል? (ከዱባይ)

መልስ፦ እግርዎ ይችል ይሆናል፤ ሳንባዎ ግን ስፖርተኛ መሆንዎን አያውቅም። የከፍታ ሕመም ጠንካራውንም ደካማውንም ያገኛል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ በአንድ ቀን 3,250 ሜትር ላይ፣ ሳንቃበር፣ ማደር ራስ ምታት መጥራት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ ይቀጥሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ በዚያ ቀን ሽቅብ አይሂዱ። ሚዛን ማጣት፣ መንገዳገድ፣ ወይም ተቀምጠው እንኳ የሚያስጨንቅ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረዱ። ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢውን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ስካውቱም (አብሮዎት የሚሄደው ጠባቂ) የሚመደብልዎት እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ የውሃ ማጣሪያ ይዘን ነው የምንጓዘው። አንድ ሰው «ተራራ ላይ ውሃ በትንሽ ሙቀት ስለሚፈላ ማፍላት ዋጋ የለውም» አለን። ማጣሪያው ብቻ ይበቃል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሰውየው ግማሹን ነው ያወቁት። ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህም ቢሆን የሚያሳምሙትን ተሕዋስያን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ ብቻ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ባቄላና ምስር የማይበስልላችሁ ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ተራራ ላይ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ፍርፍር ነዳጅ ይቆጥባሉ።

እንደ ክር በቀጠኑ ቱቦዎች የሚያጣራው ዓይነት ባክቴሪያና ጃርዲያን ያስቀራል፤ ቫይረስ ያሳልፋል። መንደርና ከብት ካለበት በታች ውሃ የምትቀዱ ከሆነ ካጣራችሁ በኋላ ክሎሪን ጨምሩበት። ውሃ አጋርም ሆነ እንክብሉ ማሸጊያው ላይ መጠኑ ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይላል፤ ውሃው በረዶ የሚያህል ሲሆን ጊዜውን እጥፍ አድርጉት።

የማጣሪያ ትልቁ ጠላት ውርጭ ነው። አንዴ ውሃ የነካው ማጣሪያ ውስጡ ቢቀዘቅዝ በረዶው ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይሰነጥቃቸዋል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም፣ ውሃውም እንደ ድሮው ይወርዳል። ስለዚህ ሌሊት በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብራችሁት ተኙ። ከተጠራጠራችሁ ማጣሪያውን በደንብ አርሱት፣ ትርፉን ውሃ አራግፉና ቆሻሻው ውሃ በሚገባበት በኩል በኃይል ንፉበት። ጤነኛ እርጥብ ማጣሪያ አየር አያሳልፍም። ትንፋሻችሁ ካለፈ ተሰንጥቋልና ጣሉት።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ከዚያ ባሌ መውጣት አስበናል። የጋዝ ምድጃዬን ላምጣው? (ከአሜሪካ)

መልስ፦ ምድጃውን ያምጡት፣ ጋዙን ግን አያምጡ፤ የጋዝ ቆርቆሮ በእጅ ሻንጣም በትልቁ ሻንጣም አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። የሚጠመዘዘው ዓይነት ቆርቆሮ ደግሞ እዚህ በየሱቁ አይገኝም። ከመምጣትዎ በፊት ከአስጎብኚዎ ጋር ተነጋግረው እጃቸው ላይ መኖሩን ካላረጋገጡ በቤንዚንና በላምባ የሚሠራ ምድጃ ይሻላል። ያገለገለ ከሆነ ጠርሙሱና ቱቦው ነዳጅ እንዳይሸት አድርገው ያጽዱት፤ ከሸተተ መንገደኛ አገልግሎቱ ሊያስቀርብዎት ይችላል።

ላምባ ከቤንዚን ይልቅ ለማሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ምድጃው በደንብ ሳይሞቅ ቫልቩን ከከፈቱት ቢጫ እሳትና ጥቀርሻ ይተፋል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። በአልኮል ቢያሞቁት ጥቀርሻው ይቀንሳል። አንዳንድ ምድጃ ለላምባና ለቤንዚን የተለያየ ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱንም፣ ከማጽጃው ቀጭን ሽቦ ጋር፣ ይዘው ይምጡ። እዚህ እንደደረሱ የገዙትን ነዳጅ ግቢ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ይፈትኑ። ድንኳን ውስጥ ግን ጨርሶ አይለኩሱት፤ ከእሳቱ ቢተርፉ እንኳ የሚገድለው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ጥያቄ፦ የሚነፋ ካያክ ገዝተን ላንጋኖ ወሰድነው። ጠዋት ነፍተን አሸዋው ላይ ተውነው፤ ከምሳ ስንመለስ አንዱ ጎን ስፌቱ ላይ «ሲስስ» ይል ነበር። ጎሚስታ ወሰድነው፣ እንደ ጎማ ለጠፈልን፣ በማግሥቱ ተላጠ። ምን እናድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው የሆነባችሁ፤ ሁለቱንም እንፍታቸው።

መጀመሪያ ፀሐዩ። ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት 18 ዲግሪ ሆኖ የጎን ቱቦውን 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነፋችሁት እንበል። ከሰዓት ፀሐዩ ጨርቁን 50 ዲግሪ ቢያደርሰው ያው አየር 4.7 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። 8 ፒኤስአይ የተነፋ ጠንካራ ወለል ደግሞ 10 ያልፋል። የጎን ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ነው የሚችሉት፤ ልኩ ቫልቩ አጠገብ ይጻፋል። ስለዚህ ዳርቻ ላይ ከልኩ ጥቂት አሳንሳችሁ ንፉ፤ ውሃ ላይ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ሲያቀዘቅዘው ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ እስከ ልኩ ጨምሩ። ለምሳ ስትወጡ ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጥቂት አስተንፍሱና ጥላ ውስጥ አስገቡት። ግፊቱን በእጃችሁ አትገምቱ፤ ግፊት መለኪያ ያለው መንፊያ ግዙ።

ሁለተኛው ልጣፉ። ጎሚስታው በሙያው አላጠፋም። የእሱ ማስቲሽ ከላስቲክ ጋር ተዋሕዶ የሚይዝ ነው፤ የእናንተ ጀልባ ግን ፒቪሲ ስለሆነ አይዋሐድም፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ይላጣል። የሚያስፈልጋችሁ ለፒቪሲ የተሠራ ማስቲሽና ከጀልባው ጋር የመጣው የራሱ ጨርቅ ነው።

ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ አግኙትና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጀልባውን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሳችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት። የጎሚስታውን ማስቲሽ ርዝራዥ ፍቃችሁ አውጡ፤ ይህ ካልወጣ አዲሱም አይዝም። ጨርቁን ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር እንዲተርፍ አድርጋችሁ በክብ ቁረጡ፤ ማዕዘን ያለው ልጣፍ ከማዕዘኑ ይነሳል። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጥረጉ። ማስቲሹን በስሱ ሁለቱም ላይ ቀቡ፣ 10 ደቂቃ ይድረቅ፤ ሁለተኛ ደግማችሁ ቀቡና ጣት ሲነኩት ሳብ የሚያደርግ ነገር ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ለጥፉ። ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ አየሩን ግፉት። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጭናችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ፀሐይ ላይ ወይም ዝናብ ባለበት ቀን አትሥሩ። ቀዳዳው ትክክል ስፌቱ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ጨርቅ የሚገናኝበት ከተላቀቀ፣ ልጣፉ ጊዜያዊ ነው፤ በዚያ ጀልባ ከዳር አትራቁ።

ከጥገናው በኋላ ቤት ውስጥ ማታ ንፉት፣ ግፊቱን ጻፉ፣ በማግሥቱ ማታ በዚያው ሰዓት ለኩ። ጠዋት ከለካችሁት ቅዝቃዜው ያሳስታችኋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላይፍ ጃኬት በርካሽ አገኘሁ። አሁንም እንደሚያንሳፍፍ በምን አውቃለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለቀዘፋ የሚሆነው የአዋቂ ጃኬት ቢያንስ 50 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ ውስጡ ባለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስፖንጅ ግን ሲያረጅና ሲጨፈለቅ ይሟሽሻል። መዋኛ ገንዳ ወስደው 6 ኪሎ የጂም ብረት ጃኬቱ ላይ ይሰሩና ውሃ ውስጥ ይልቀቁት። ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ስለሚቀንስ ያ 6 ኪሎ በግምት 50 ኒውተን ነው የሚስበው፤ 5 ኪሎ ቢያስሩ ደካማውን ጃኬት አሳልፈው ይቀበላሉ። ጃኬቱ ይዞት ከተንሳፈፈ ደህና ነው፤ ከሰመጠ ለመቀመጫ ያድርጉት። ቀጥሎ ለብሰው ይግቡ፤ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ጆሮዎ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። 50 ኒውተን መዋኘት ለሚችል ሰው ነው፤ መዋኘት ለማይችል 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አንገቱ ላይ መደገፊያ ያለው ይሁን። ለልጆች በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ የሌለውን አይግዙ።

ጥያቄ፦ ዝናብ መከላከያ ጃኬቴ ድሮ ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለልበት ነበር። አሁን ጨርቁ ይጠጣል። አርጅቶ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምናልባት ቆሽሾ ነው። በፈሳሽ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይጠቡትና ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፤ ዱቄት ሳሙናና የልብስ ማለስለሻ የሚተዉት ነገር ራሱ ውሃ ይስባል። ከደረቀ በኋላ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው በዝቅተኛ ሙቀት ይተኩሱት፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ገፊ ቅብ በሙቀት ይነቃል። ካልተመለሰ የሚረጨውን ቅብ ይጨምሩ። ውስጡ እንደ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ተነስተን በካያክ ጣና ላይ መቅዘፍ እንፈልጋለን። አሳ አስጋሪዎቹ በታንኳ ይሄዱ የለ? ምን ያስፈራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በደንገል ታንኳ የሚሄዱት ሰዎች ነፋሱን ያውቁታል፤ የሚፈሩትንም ይፈራሉ። ሦስት ነገር እንንገራችሁ።

ነፋስ፦ ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን በዛ ቢባል 14 ወይም 15 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነሳበት ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ካያክ ይገለብጣል። ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት ይነሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ዳር ያዙ። መሐል ለመሐል ከመቁረጥ ዳርን ይዛችሁ ዙሩ። ስልካችሁን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከሰውነታችሁ ጋር እሰሩ፤ ጀልባው ላይ ካሰራችሁት ጀልባው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ጉማሬ፦ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አሉ። ሌሊት ዳር ወጥተው ይግጣሉ፣ ንጋት ላይ ይመለሳሉ። ገና ሲነጋጋ የማትነሱበት ምክንያት ይኸው ነው። ካያችኋቸው ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ውሃ ነው፤ በእሱና በጥልቁ መካከል በፍጹም አትሁኑ። ከጠለቀ ለበርካታ ደቂቃ ሳይወጣ ይቆያልና «ሄደ» ብላችሁ በላዩ አትለፉ። ጠባብ ቦታና ቄጠማ አጠገብ ስትደርሱ ጀልባችሁን በመቅዘፊያው እየመታችሁ ድምፅ አሰሙ፤ ሳያይ የተደረሰበት ነው የሚያጠቃው። ጫሞ ላይ በካያክ እንሂድ ለምትሉ ደግሞ መልሳችን አጭር ነው፦ አዞው የታወቀ ነው፣ አትሂዱ።

ቢልሃርዝያ፦ በጣና ዳርቻ አለ። ትሉ የሚኖረው ቀንድ አውጣና ሣር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለውና በማይንቀሳቀስ ውሃ ነው፤ ቆዳን በስቶ ይገባል። ጀልባችሁን ከቄጠማው ውስጥ እየረገጣችሁ አታውርዱ፤ ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ መውጫ ተነሱ። ከጉልበት በላይ የሚደርስ ቦት ካላችሁ አድርጉ። በፎጣ ቶሎ መደራረቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ አይተማመኑበትም። መታጠቢያ ውሃ ከሐይቁ የምትወስዱ ከሆነ በጀሪካን ሁለት ቀን አቆዩት፤ ትሉ ውሃ ውስጥ ብቻውን ከዚያ በላይ አይኖርም። ውሃው ከነካችሁ ወዲያው የሚደረግ ምርመራ ምንም አያሳይም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሐይቅ ውስጥ እንደነበራችሁ ተናግራችሁ ሰገራ አስመርምሩ። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል ይታዘዝላችኋል፤ መጠኑ በክብደታችሁ ስለሚሰላ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትውሰዱ።